«እሳት መጣ፣ ሩጥ!»፦ ለባሻ ኮ ሚንግ-ታ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ እትዬ ሹ-ዩን፤ ጁን-ሆንግ፤ የኮ ቤተሰብ ታላላቆች፤ ከዙዎይንግም ከሱአውም ወደብ የመጣችሁ የባሕር ኃይል ሰዎች፤ የሠፈራችን እናቶችና አባቶች፤ ጤና ይስጥልኝ።

ፀሐዩ ጠንክሯል። ጃንጥላ የያዛችሁ ላልያዘው አስጠጉለት። አስተባባሪው «አደራ፣ አጠር ያድርጉት» ብሎኛል። እሞክራለሁ። እዚህ ሳጥን ውስጥ የተኛው ሰውዬ ይህን ቢሰማ ግን ይስቅ ነበር። «አንተ ባለገመድ፣ ወሬህም እንደ ገመድህ ማለቂያ የለውም» ይለኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

ለማታውቁኝ፣ ፋን ጉዎ-ዶንግ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የአየር ኃይል አብራሪ ነኝ። የአየር ኃይል ሰው በመርከበኛ ሬሳ ራስጌ ምን ይሠራል የምትሉ ትኖራላችሁ። አይፈረድባችሁም። እኔ በአገልግሎት ዘመኔ ጠላት ገጥሜ አላውቅም። ሥራዬ ዒላማ መጎተት ነበር። ከአውሮፕላኔ ጅራት ረጅም ገመድ ይለቀቃል፤ ጫፉ ላይ ክንፍ ያላት ቀይ ቱቦ ትታሰራለች፤ እሷን እየጎተትኩ በመርከቦቹ አጠገብ አልፋለሁ፤ እነሱ ቱቦዋን ለመምታት ይተኩሳሉ። ቱቦዋን ብቻ። እኛ አብራሪዎች ተስፋ የምናደርገው እንደዚያ ነው።

ከፊታችን ያለውን በር ታዩታላችሁ። ልማዳችንንም ታውቃላችሁ። ሳጥኑ ወደ ሬሳ ማቃጠያው ምድጃ ሲገባ ልጆች ይጮኻሉ። «አባባ፣ እሳት መጣ፣ ሩጥ!» ይላሉ። ነፍስ ሥጋዋን ትታ ከነበልባሉ ቀድማ እንድትወጣ ነው። እኔ ለእናቴ ጮኼያለሁ። እናንተም ለእናት ለአባታችሁ ጮኻችኋል። ሟች ቶሎ የሚሰማው የልጅ ድምፅ ነው ይባላል።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ጁን-ሆንግ ለአስተባባሪው «ያንን ቃል እኔ አልጮህም፤ ዝም ብለን እንሸኘው» ሲለው ሰማሁ። አጠገብህ ቆሜ ነበር፣ ልጄ። የሽማግሌ ጆሮ ባይሰማ ይሻል ነበር፤ የኔ ግን ይሰማል። አልተቀየምኩህም። ለምን እንደማትጮህ አውቃለሁ። እዚህ ካለው ሰው ግማሹ ያውቃል። ግማሹ አያውቅም፤ እናትህን አስፈቅጄ የቆምኩትም ለዚሁ ነው። «እትዬ፣ ልናገር ወይ?» አልኳቸው። «ተናገር እንጂ! እኔ ይኸው ሠላሳ ዓመት ዝም ብያለሁ፤ የጠቀመን ነገር ካለ ንገረኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ ስለ መድፉ ትንሽ ልበል። መድፉ ካልገባችሁ ሰውየው አይገባችሁም።

በጦር መርከብ ላይ የሚወረወር ሚሳይል ማዕበሉን ሊልስ ትንሽ ቀርቶት ነው የሚመጣው። ዝቅ ብሎ ስለሚበር መርከቡ የሚያየው ከአድማስ ብቅ ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ የለም። በሩቁ የሚመክቱት የመርከቡ የራሱ ሚሳይሎች አሉ። የሚሳይሉን ዓይን የሚያታልል ብልጭልጭ ነገርም ይበተንለታል። እነዚህን ሁሉ አልፎ ቢመጣስ? ሁሉም ቢያቅትስ? ያኔ የቀረው እሱ ነው፤ በመርከቡ ደርብ ላይ ነጭ ቆብ ደፍቶ የተቀመጠው ባለ ስድስት አፈሙዝ መድፍ። ከሩቅ ስታዩት የሩዝ ማብሰያ ነው የሚመስለው።

ያ መድፍ ሁለት ዓይን አለው። አንዱ ዙሪያውን ይቃኛል። ሌላው ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። ከተጣበቀ በኋላ የሚያየው የሚመጣውን ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱንም ጥይት ያያል። ጥይቴ በስንት ሳተ? ወደ ግራ ሄደ? ወደ ታች ወረደ? እያለ፣ እየተኮሰ ራሱን ያርማል፤ ጥይቱና ሚሳይሉ አንድ ቦታ እስኪገናኙ ድረስ። በአንዲት ሰከንድ ሰባ ጥይት ይተፋል። ድምፁም የተኩስ ድምፅ አይደለም፤ ወፍራም ሸራ ከዳር እስከ ዳር ሲቀደድ ነው።

ይህን ሰው ያድርገው ቢባል አይችልም። ሰውዬው «ምንድነው ያ?» ብሎ ሳይጨርስ መርከቡ ተመትቷል። ስለዚህ መድፉ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይወስናል፣ ራሱ ይተኩሳል። ጋሽ ኮ እንዲህ ይለኝ ነበር፦ «ይህ መድፍ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትፈጥናለህ ወይ? ወደ እኔ ነህ ወይ? ቀርበሃል ወይ? ነው። ለሦስቱም አዎ ካልክ፣ የአባትህን ስም ብትጠራለት አያውቅህም።»

ለዚህ ነው በልምምድ ጊዜ አንድ ሰው ደርብ ላይ የሚቆመው። ይህ ሰው ዒላማው ተመታ አልተመታ አያገባውም። የሚያየው አፈሙዙን ነው። አፈሙዙ ወዴት ዞሯል? ገመዱ ወዴት ነው? ጎታቹ አውሮፕላን የት ደርሷል? በአንድ እጁ የማቆሚያውን ቁልፍ ይዟል፤ በሌላው ከአብራሪው ጋር የሚያገናኘውን ሬዲዮ። አፈሙዙ ቱቦዋን ትቶ ወደ አውሮፕላኑ ካየ፣ ይጫናል። ያ ሰው ባሻ ኮ ነበር። እኔ ደግሞ በገመዱ በሌላው ጫፍ ያለሁት ነኝ።

ደሞ ኮስታራ ሰው አድርጌ እንዳልስልባችሁ፣ የአረንጓዴውን ከረጢት ነገር ላንሳ። የመርከብ ባልደረባው ባሻ ጓን ከኋላ ይስቃል። አዎ፣ አንተ የነገርከኝን ነው።

ማሽን ባለበት ሁሉ፣ ማሽኑ እንዳያስቸግር ብለን፣ ያንን አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት እናስቀምጣለን፤ ስሙ ራሱ «ጨዋ ሁን» ነው። ባንክ ቤት አለ፤ ሆስፒታል አለ፤ መድፉም ሥር ነበር። ታዲያ አዲስ የተመደበ መቶ አለቃ መጣና ከሱቅ ቢጫውን ገዝቶ አኖረው። ቢጫ! ጋሽ ኮ አየው።

«ጌታዬ፣ ይህን ማን አስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ፤ አረንጓዴው አልቆባቸው ነው።»

«ጌታዬ፣ ቢጫ መብራት ሲበራ መኪናዎን ምን ያደርጓታል?»

«አቆማታለሁ።»

«እንግዲያው ሚሳይሉ ሲመጣ መድፉም ቆሞ ያሳልፍልዎታላ!»

መቶ አለቃው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ አሉ። ሞተር ሳይክል ተውሶ ከተማውን ዞሮ አረንጓዴ አገኘና እያለከለከ መጣ። ጋሽ ኮ ተቀበለው፤ ገለበጠው፤ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጎ አነበበ። «ይህማ የፊታችን ሳምንት ያልፍበታል» ብሎ መለሰለት። ሰዉ በሳቅ ሞተ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ለብቻው ወሰደውና ምን አለው? «ጌታዬ፣ ማሽንን መለመን ደግ ነው። ቁልፉን ግን አይልቀቁ።» ማሽንን ለምነው፤ ቁልፉን አትልቀቅ። ሰውየው በዚህች ቃል ነው የኖረው።

ዛሬም ደረቱ ላይ አረንጓዴ ከረጢት አይቻለሁ። ማን እንዳኖረው አልጠይቅም። ቀኑን አይታችኋል አይደል? ካላያችሁ ዛሬ ሌሊት በሕልም ይመጣባችኋል።

እሺ። ወደዚያ ቀን ልምጣ።

በዚያ ወር ባሻ ኮ አባቱን ሸኝቶ ነበር፤ እዚሁ፣ በዚሁ በር። የበኩር ልጅ ነውና የጮኸው እሱ ነው። እትዬ ሹ-ዩን እንደነገሩኝ ድምፁ እስኪዘጋ ነው የጮኸው። ቤት ከገባ በኋላም በእንቅልፍ ልቡ ይጮህ ነበር። ሐዘኑ ሳይወጣለት ፈቃዱ አለቀና ወደ መርከቡ ተመለሰ። የጠበቀው የዓመቱ ትልቅ ፈተና ነው። መርከቡ ካለፈ፣ ካፒቴኑ ሹመት ይጠብቀዋል፤ ሠራተኛው አዲስ ዓመትን ቤቱ ይውላል። ከወደቀ ሁሉም ይቀራል፤ ልምምዱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ነፋስ ግን ነበረ። እኔ ከደቡብ ገባሁ። ከኋላዬ የገመዱን ማሽን የሚጠብቀው ባልደረባዬ ዩዌ አለ። ነፍሱን ይማረው፣ የባሕር እመቤት የማዙን ክታብ አንገቱ ላይ ካላሰረ የማይበር ሰው ነበር። ቱቦዋን ለቀቅን። መስመራችንን ያዝን። «ጎታች ዝግጁ» አልኩ። «መርከብ ዝግጁ» አሉኝ። የመድፉ ድምፅ ሰማይ ላይ አይሰማም። ከደርቡ ነጭ ጭስ ሲወጣ ብቻ አየሁ።

ከዚያ ሬዲዮው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚባለው ቃል የታወቀ ነው። «ተኩስ ቁም፤ ጎታች ወደ ግራ ታጠፍ።» ሌላ ቃል የለም። ባሻ ኮ ይህን ቃል ለአዳዲሶቹ የሚያስተምር ሰው ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ቁልፉን ተጫነና ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ። በቤታችን ቋንቋ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፦

«እሳት መጣ! ሩጥ! እሳት መጣ፣ ሩጥ!»

እስቲ አስቡት። በሕይወት ያለህ ሰው ነህ። ሰማይ ላይ ነህ። ለሬሳ የሚጮኸው ጩኸት ጆሮህ ውስጥ ይጮኻል። ምን ታደርጋለህ? «እባክዎ ይድገሙልኝ» ትላለህ? እጄ ከእኔ ቀድሞ መሪውን ጠመዘዘው። አውሮፕላኗ በጎኗ ተኛች። ከኋላዬ ዩዌ «እመቤቴ፣ ድረሽልኝ!» ብሎ ገመዱን ቆረጠው። ማንም አላዘዘውም። ገመዱም ቱቦዋም ባሕር ገቡ።

ደንበኛውን ቃል ቢለኝ ኖሮ እኔም በደንቡ መሠረት «ተቀብያለሁ» ብዬ መልሼ፣ መስመሬን አይቼ፣ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብዬ ነበር የምታጠፈው። ያን ቀን ግን እንደ ጨዋ ሰው አልታጠፍኩም። ጅራቴን ቆልፌ ሮጥኩ።

ሳርፍ የጥገና ሰዎቹ አውሮፕላኗን ዙሪያዋን አዩዋት። አንድ ጭረት አልነበረባትም።

መርከቡ ፈተናውን ወደቀ። መርማሪዎች መጡ። አፈሙዙ ወደ አውሮፕላኑ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ባሻ ኮ «ቀና ሲል አይቻለሁ» አለ። «በምን ያህል?» አሉት። «በአንድ የቾፕስቲክ መብያ እንጨት ውፍረት።» ተያይተው ሳቁ። አንዱ መርማሪ «ወደ አውሮፕላኑ እየሄደ ሊሆን ይችላል» አለ። ሌላው «መድፉ ራሱን እያረመ ነበር፤ ሥራው ነው፤ ቢተውት ቱቦዋን ይመታት ነበር» አለ። ገመዱ ቢገኝ፣ ጥይት ነክቶት እንደሆነ ይታይ ነበር። ገመዱን ውሃ በላው። አውሮፕላኗ ደግሞ ጤነኛ ናት። በመጨረሻ «ሊታወቅ አልቻለም» ብለው ሻንጣቸውን ዘግተው ሄዱ።

ሊታወቅ አልቻለም። ለመርማሪ ቀላል ነው። ሰው ግን ያላወቀውን ነገር ባዶ አይተወውም፤ አንድ ነገር ይሞላበታል። የካፒቴኑ ሹመት ቀረ። ሠራተኛው አዲስ ዓመትን ባሕር ላይ ዋለ። «ፈሪ ነው» ተባለ። «አባቱ ከሞተ ወዲህ ደህና አይደለም» ተባለ። ምግብ ቤት ሲገባ ወጣቶቹ ሳህናቸውን ይዘው ብድግ ይላሉ፦ «እሳት መጣ፣ ሩጡ!» ቀልድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቀልድ ነው። በዓመቱ ስሙ ሆነ። ከመድፉ አንስተው መጋዘን አስገቡት፤ ጡረታ እስኪወጣ ዕቃ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖረ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። አየር ኃይልና ባሕር ኃይል ባንድ አገር ይኑሩ እንጂ አይጠያየቁም። በዓመቱ ግድም ዙዎይንግ፣ ወደቡ አጠገብ ያለችው የዓሣ ሾርባ ቤት ገብቼ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰው በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ ጥጉን የያዙት መርከበኞች «ኧረ እሳት መጣ፣ ሩጡ!» አሉ። ዞር ብዬ አየሁ። ሰውዬው አልተቆጣም። «ቁጭ በሉ፣ ሾርባችሁ ይቀዘቅዛል» አላቸው። ያኔ ድምፁን አወቅኩት።

ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። በሬዲዮ የጮኹብኝ እርስዎ ነዎት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባሻ ኮ ሲያለቅስ አየሁ የሚል ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

«እኔ እኮ ቀጭን ሰው ነበር የመሰልከኝ» አለኝ።

«ከሞት የተረፈ ሰው ይበላል፣ ጋሼ።»

«በል ተቀመጥ። ሾርባው በእኔ ነው። የሬሳ ጩኸት ለጮኽኩብህ ካሳ ይሁንህ።»

የማሽላ አረቄ አስመጣ። ለውዝ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ያስረዳኝ ጀመር። «ትልቁ ለውዝ አንተ ነህ። ከፊት ነህ፣ ከፍ ብለህ። ይህች ትንሿ ቱቦዋ ናት፤ ዝቅ ብላ ትከተልሃለች። መድፉ የተባለው ትልቁን ተው፣ ትንሿን ያዝ ነው። ያዛት። ግን በመሃላችሁ ገመድ አለ፤ ነፋሱ ደግሞ ገፍቶ አቀራርቧችኋል። የመድፉ ዓይን በገመዱ ላይ የተንሸራተተ መሰለኝ። መድፉ ክፉ አይደለም፤ ትልቅ ነገር ይወዳል።» ቾፕስቲኩን አነሳና ጫፉን እንደ አፈሙዝ ቀና አደረገው። «እንዲህ አለ። በቃ፣ ይህችን ታህል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የወደድኩት። «እርግጠኛ ነኝ፤ ሕይወትህን አድኛለሁ» ቢለኝ ማን ይከራከረዋል? ዕድሜ ልኬን ስሰግድለት እኖር ነበር። አላለኝም። «እርግጠኛ ልሁን ብል አንዲት ሰከንድ መጠበቅ ነበረብኝ» አለኝ። «በአንዲት ሰከንድ ሰባ ጥይት ነው። ከዚያ በኋላማ ሁላችንም እርግጠኛ እንሆን ነበር። አንተን ግን ማን ይመልስሃል?»

እኔም ነገሩን ከሰማሁ በኋላ ቆጨኝ። «ምነው ያቺ አውሮፕላን አንዲት ቀዳዳ በኖራት! ምስክር ትሆንዎት ነበር» አልኩት።

«ቀዳዳው አንተ ላይ ቢሆንስ?»

«ትንሽ ከሆነች ምን አለበት...»

«ሂድ ወዲያ!» ብሎ ግንባሬን በለውዝ መታኝ። «አየህ፣ እኔም ስተኩስ አልስትም።»

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እውነት ነው፤ ጋሽ ኮ ያን ቀን ፈርቷል። አልክድም፤ እሱም አልካደም። ግን ለየትኛዋ እናት ነው የፈራው? ለራሱ ቢፈራ ኖሮ ዝም ይል ነበር። ዝም ያለ ሰው ይሾማል፣ አዲስ ዓመትን ቤቱ ይውላል። እሱ የፈራው ለእኔ እናት ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። በየአዲስ ዓመቱ የሩዝ ኬክ በእጇ ትሠራና «ለዚያ ለሚጮኸው ልጅ ውሰድለት» ትለኝ ነበር። ጁን-ሆንግ፣ በልጅነትህ በበዓል የምትበላው ያ ኬክ ከማን ቤት እንደሚመጣ ነግረውህ ያውቃሉ? ከእኔ እናት ነው። ልጇ ስላልሞተባት እናት።

አሁን ላንተ ነው፣ ልጄ።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ልጆች ተሰልፈው «እሳት መጣ፣ ሩጥ!» እያሉ እስከ ደጃፍህ ያባርሩህ እንደነበር አባትህ ያውቅ ነበር። አንተ ነግረኸው አይደለም። አንድ ቀን በአንድ እግር ጫማ ገባህ። ሌላውን ሲያባርሩህ ጥለኸው ነው። እሱ መንገድ ለመንገድ ፈልጎ አግኝቶ አመጣልህ። ያን ማታ ጠየቅከው፦ «አባባ፣ መድፉ እውነት ሰውየውን ሊመታው ነበር?» የፈለግከው አንዲት ቃል ናት። «አዎ።» በቃ። እሷን ይዘህ ጠዋት ትምህርት ቤት ልትሄድ። አባትህ ግን «አላውቅም፣ ልጄ» አለህ። ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል የሆነውን የሆናችሁት ታውቁታላችሁ። አድገህ ወደ ሰሜን ሄድክ። አልፈርድብህም። ያን የሚያህል ልጅ «አላውቅም»ን ይዞ ከማን ጋር ይደባደባል?

እኔም ተቆጥቼዋለሁ። «ጋሼ፣ አዎ ብትለው ምን ነበረበት? ለገዛ ልጅህ አንዲት ውሸት!» አልኩት። የዓሣውን አጥንት ሲለቅም ቆየ። ሲለቅም፣ ሲለቅም። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ልጁ ያድጋል። አንድ ቀን እሱም እጁን አንድ ቁልፍ ላይ ያደርጋል፤ የመድፍ ባይሆን የሌላ። እርግጠኛ ካልሆንኩ አልጫንም የሚል ሰው ሆኖ እንዲያድግ አልፈልግም። አዎ ካልኩት፣ አባቴ የተጫነው አውቆ ነው ብሎ ያድጋል። አላወቅኩም። ሳላውቅ ነው የተጫንኩት።»

ይኸው ቃሉ። አንድም አልጨመርኩበት።

ዛሬ አንተ የፈጣን ባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል ትሠራለህ። እጅህ ምን ላይ ውሎ እንደሚያድር አንተ ታውቃለህ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሽ ኮን ይዤ ከታይፔይ ስመለስ ባቡሩ መስክ መሃል ቆመ። ምክንያቱን የነገረን የለም። ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዱ ስልክ ላይ ይጮኻል፣ እኔም ቀጠሮ ነበረኝና አልተሳደብኩም አልልም። ጋሽ ኮን ዞር ብዬ ባየው ፈገግ ብሏል። በመስኮቱ የሩዙን ማሳ እያየ ፈገግ ብሏል። «ምን ያስቅሃል?» አልኩት። «አንዱ ቁልፉን ተጭኗል» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «የኔ ልጅ ይሆናል» አለ። ባቡሩ እስኪነሳ ድረስ እንደዚያ ብሎ ተቀመጠ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ መድፉ ሊመታኝ ነበር ወይ? አላውቅም። እሱም አላወቀም። እዚህ ያላችሁ ሁሉ አታውቁም፤ መቼም አይታወቅም። የደረሰ ነገር ምልክት ይተዋል። ያልደረሰ ነገርስ ምልክቱ ምንድነው? ጉልበቱን የሚያመው፣ ወሬው የበዛ፣ የወፈረ ሽማግሌ ነው። እኔ ነኝ። ሴት ልጆቼ እዚያ ጥላው ሥር ቆመዋል። ጃንጥላ የምታሽከረክረው የልጅ ልጄ ናት፤ አንቺ ልጅ፣ ሰው ዓይን ታወጫለሽ! ለባሻ ኮ ያለን ምስክር ይህ ነው፤ ሌላ የለንም።

መርከበኞች፣ ከእናንተም መካከል ያኔ ሳህን ይዛችሁ ብድግ ያላችሁ አላችሁ። ጠጉራችሁ ሸብቷል፣ መጥታችኋል፤ መልካም አደረጋችሁ። እሱ አልተቀየማችሁም። ግን ቃሉን ወስዳችሁበት ነበር። ዛሬ መልሱለት።

አስተባባሪው እጁን እያወዛወዘልኝ ነው። አይቼሃለሁ፣ ልጄ፤ ጨርሻለሁ።

ጋሽ ኮ። እንገናኝ አልልህም፤ እዚህ ቦታ እንደዚያ አይባልም። ያን ቀን ቃሉን ተሳሳትክ አሉህ። ለሬሳ የሚጮኸውን ለቁም ሰው ጮኸ፣ መጥፎ ምልኪ ነው አሉህ። ሌላው ሰው ሁሉ ይህን ቃል የሚጮኸው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አንተ ከመሞቴ በፊት ጮኽክልኝ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ እኔ ደግሞ በዚህ ልዩነት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖርኩበት። ሚስት አገባሁበት፣ ልጆች ወለድኩበት፣ እናቴን በእጄ ሸኘሁበት፣ ካንተ ጋር ሾርባ ጠጣሁበት። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። ከልቤ አመሰግናለሁ።

በሩ እየተከፈተ ነው። ጁን-ሆንግ፣ ና፣ እዚህ እኔ ጋ ቁም። አላስገድድህም። ካቃተህ ዝም በል፣ እኛ እንጮኽለታለን። ግን መጀመሪያ ያንተን ድምፅ እንጠብቃለን። ማንም እንዳይቀድመው።

...

እንዲያ ነው። እንዲያ ነው፣ ልጄ። ከፍ አድርገው፤ በመጨረሻ ጊዜ ጆሮው ከበድ ብሎት ነበር።

በሉ አሁን ሁላችሁም። መርከበኞች! ጎረቤቶች! እትዬ ሹ-ዩን! ባሻ ኮ፣ እሳት መጣ! ሩጥ!

ሩጥ፣ ጋሼ። እኔ ሮጬ ድኛለሁ።